የእናቴ ቴሌፎንና የመስታወቱ ክር

በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. በአንድ ዝናባማ ሌሊት እናቴ ውሃ ልትጠጣ ከአልጋዋ ተነሥታ ስትሄድ አዳልጧት ወደቀች። ዕድሜዋ ሰማንያ አራት ነው። በዚያች ሌሊት ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ነበር። በጨለማ እየዳበሰች ሳሎን ደረሰችና፣ ዳንቴል ከለበሰው ጠረጴዛ ላይ የቴሌፎኑን እጀታ አንሥታ ወደ ጆሮዋ ብታስጠጋው ድምፅ የለውም። የእጅ ስልኳም ባትሪው አልቆ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ ያደረገችው፣ ቴሌፎን ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት ሰው ሁሉ ያደርገው የነበረውን ነው፤ ግድግዳውን በምርኩዟ ደበደበች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሰምተው መጡ፤ ደግፈው አስቀመጧት፤ እስኪነጋም ድረስ አብረዋት አመሹ። እግዚአብሔር ይስጣቸውና፣ ዳሌዋ ከመበለዙ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰባትም።

ጧት ስደርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ የፊተኛው ስልክ መብራት ቢጠፋም ይናገር ነበር። ይኸኛው ስለ ምን ዲዳ ሆነ?»

ይህ ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ወጥቶ ቢሆን በሁለት ቃል መልሼው ባለፍሁ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር አዲሱ መስመር እንዲገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ የልጅ ልጆቿ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ ብዬ ያግባባኋትም እኔ ነኝ። ይባስ ብሎ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት በዚሁ ሥራ ነው። በ1973 ዓ.ም. ምሰሶ በመውጣት ጀምሬ፣ የመዳብ ገመድ ቀጣይ ሆኜ፣ በመጨረሻም የመስታወት ክር ለሚዘረጋ ክፍል የንድፍ ሠራተኛ ሆኜ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ነገሩን የማላውቀው ብሆን ኖሮ ባለማወቄ በተጽናናሁ ነበር። ዐውቀው ነበር፤ አላሰብሁበትም።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በዚያ ጧት ለእናቴ በሚገባ ያልመለስሁላትን እዚህ ልመልስ።

የዱሮው ቴሌፎን በሁለት የመዳብ ሽቦ የተያያዘ ነው። ሽቦው ከድምፅ ጋር ኃይልንም ያመጣል። በቴሌፎን ጣቢያው ውስጥ ትላልቅ ባትሪዎች ተደርድረው 48 ቮልት ወደየቤቱ ይልካሉ፤ ከተማው ቢጨልምም ጣቢያው በባትሪና በጄኔሬተር ይቆማል፤ ስለዚህ የእናቴ ቴሌፎን ከገዛ ቤቷ መብራት ምንም አይለምንም ነበር። የመስታወት ክር ግን የሚያመጣው ብርሃን ነው፤ ኤሌክትሪክ በመስታወት ውስጥ አይሄድም። ብርሃኑን ወደ ድምፅና ወደ ኢንተርኔት የሚመልሰው በቤት ውስጥ የተሰቀለው ትንሽ ሳጥን ሲሆን፣ ሳጥኑ የሚመገበው ከቤቱ ሶኬት ነው። መብራት ሲጠፋ ክሩም ጣቢያውም ጤነኞች ናቸው፤ ብርሃኑም እስከ ግድግዳችን ድረስ መጥቶ በር ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት ግን የለም።

ይህ በድንገት የሆነ ጉድለት አይደለም፤ ታስቦ የተመረጠ ነው። ምርጫው እንዴት እንደ መጣ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ልሂድ። ቻርልስ ካኦ የተባሉት ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1966 ንጹሕ የሆነ መስታወት ብርሃንን ረጅም መንገድ ሊያደርስ እንደሚችል ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸውም በዚሁ ሥራ ነው። ዛሬ በየመንገዱ የተዘረጋው ክር ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ስምንተኛ እጅ የሚሆን ነው፤ ብርሃኑ የሚሄድበት የውስጡ እምብርትማ ከዚያ እጅግ የቀጠነ ነው። ነገር ግን ክሩ ተገኘ ማለት እስከ ቤት ገባ ማለት አይደለም። ብዙ አገሮች አስቀድመው የያዙት መካከለኛውን መንገድ ነበር፤ ይኸውም ክሩን እስከ መንገድ ዳር ካቢኔት አድርሶ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጥቂት መቶ ሜትር በዱሮው መዳብ መጨረስ ነው። በዚህ አሠራር በየሰው ግቢ መቈፈር ይቀራል። ዳሩ ግን ካቢኔቱ ኤሌክትሪክ ይሻል፤ ባትሪ ይሻል፤ ማቀዝቀዣ ይሻል፤ ቤቱም ከካቢኔቱ በራቀ መጠን ፍጥነቱ እየደከመ ይሄዳል።

ከእነዚህ ካቢኔቶች ስንቱን በዝናብ ቆሜ እንደ ከፈትሁ እኔ ዐውቃለሁ። አንዱን ውሃ ገብቶበት፣ አንዱን ባትሪው ተወስዶ ባዶውን፣ አንዱንም አይጥ ከነልጆቿ ሠፍራበት አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ «ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር አይኑር» የሚለው ንድፍ ሲመጣ በእልልታ ነው የተቀበልሁት። በዚህ ንድፍ በመንገድ ላይ የሚቀመጠው መክፈያ፣ ሠራተኞቹ «ስፕሊተር» የሚሉት፣ የመስታወት ሥራ ነው፤ አይራብም፤ አይሞቅም፤ እንደ መዳብም ተቆርጦ በኪሎ አይሸጥም። የመንገዱን ራብ በዚህ አስወገድን። ራቡ ወደ እናቴ ሳሎን እንደ ተዛወረ ግን በዚያ ሌሊት ነው የገባኝ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ከእናቴ ቴሌፎን የራቀ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የእኔ ጥፋት በይበልጥ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለአንድ ሰፈር መስመር ሲታሰብ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ለእያንዳንዱ ቤት ከጣቢያው ጀምሮ የራሱን ክር መስጠት ነው። ሁለተኛው አንድ ክር እስከ ሰፈሩ አድርሶ፣ እዚያ በመክፈያው ለ32 ወይም ለ64 ቤት ማካፈል ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን የቦኖ ውሃ ነበረ፤ ጥቂት ባለጸጎች ደግሞ የየራሳቸውን ቧንቧ ወደ ግቢያቸው አስገብተው ነበር። የሁለቱ አሠራር ልዩነት ያንን ይመስላል። ቦኖው ዘንድ ሰው በተራ እንደሚቀዳ ሁሉ፣ በተከፈለው ክር ላይም ቤቶቹ ወደ ጣቢያው የሚልኩትን በተራ ይልካሉ፤ ተራው ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺህ የሚቈጠር ጊዜ ስለሚደርስ ለማንም አይታወቀውም። ከጣቢያው የሚወርደው ብርሃን ደግሞ ለሁሉም ቤት እኩል ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ድርሻ ብቻ ይወስዳል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን እንዳያነብም በምስጢር ቍልፍ ይቈለፋል። እዚህ ላይ ቦኖው ምሳሌ መሆኑ ያበቃል፤ ውሃ ቍልፍ የለውምና።

ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ክር መስጠት ለነገው ሰው ደግ ነው፤ ለዛሬው ሒሳብ ሹም ግን ከባድ ነው። ኬብሉ ይወፍራል፤ ጣቢያው በሺህ በሚቈጠር ክር ይሞላል፤ በእያንዳንዱ ክር ራስ ላይ አንድ የብርሃን መሣሪያ መግዛት ያስፈልጋል። ማካፈል ግን አንዱን መሣሪያ ለ64 ቤት ያደርሰዋል። ስለዚህ በዓለም ላይ ብዙው የቤት መስመር በማካፈል የተሠራ ነው፤ እኔም በዚህ ነቀፋ የለኝም። ነቀፋዬ በስንት ይካፈል በሚለው ላይ ነው።

ብርሃን እንደ ደመወዝ ነው፤ ከእጅ ከወጣበት ጀምሮ እያነሰ ይሄዳል። በተለመደው ጂፖን በሚባለው አሠራር፣ ቢ ፕላስ በተባለው ደረጃ፣ ከጣቢያው እስከ ቤት 28 ዴሲቤል ያህል ቢጠፋ ይፈቀዳል። ዴሲቤል የመቀነስ መለኪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ግማሹ ጠፋ ማለት ነው፤ 28 ሲጠፋም ከተላከው ብርሃን ከስድስት መቶ እጅ አንዱ ያህል ብቻ ይቀራል። ለ32 ቤት ማካፈል 17 ያህል ዴሲቤል ይበላል፤ ለ64 ማካፈል ከ20 በላይ ይበላል። በየኪሎ ሜትሩ 0.35 ያህል ይጠፋል። በየመጋጠሚያው እስከ ግማሽ ዴሲቤል፣ ክርና ክር በእሳት በተበየደበትም ሥፍራ፣ ብየዳው ንጹሕ ከሆነ፣ ከዴሲቤል ዐሥረኛ እጅ የማይበልጥ ይጠፋል።

በ2008 ዓ.ም. ከጣቢያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ አንድ ሰፈር እንድነድፍ ታዘዝሁ። ሒሳቡን ለ64 ስሠራው እንዲህ መጣ፤ ለማካፈያው 20.5፣ ለመንገዱ 3.5፣ ለአራት መጋጠሚያዎች 2፣ ለዐሥር ብየዳዎች 1፣ በጠቅላላው 27። ከ28 ላይ የተረፈኝ አንድ ዴሲቤል ነው። ለ32 ባደርገው ኖሮ አራት ተኩል ይተርፍ ነበር፤ ነገር ግን በጣቢያው የሚገዛው መሣሪያ እጥፍ ይሆናል። ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ «አንድም ቢሆን ትርፍ ትርፍ ነው፤ በ64 አድርገው» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የተሰጣቸው ገንዘብ ልክ ነበረው። በዚያው ቀን ደግሞ ወጪውን ለመቀነስ ብለን መለዋወጫ ክሮቹን ከኬብሉ ላይ ቀነስን። ፈረምሁ። ፊርማዬ ከዚያ ወረቀት ላይ ዛሬም አለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ መንገድ የውሃ ቧንቧ ሥራ ተጀመረ። የቈፋሪው መኪና ኬብሉን በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ በጠሰው። የተበጠሰ ኬብል ሲጠገን በመካከሉ ቍራጭ ይገባል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥገና ሁለት ብየዳ ይጨመራል። በሌሊት፣ በጃንጥላ ሥር፣ ጭቃ በእጅህ ላይ እያለ የሚሠራ ብየዳ ደግሞ በመጽሐፍ እንደ ተጻፈው ንጹሕ አይሆንም። ስድስት አዲስ ብየዳ፤ አንድ ዴሲቤል ተኩል ያህል ጠፋ። የተረፈኝ አንድ መሆኑን አንባቢዬ አይዘነጋም።

መስመሩ ፈጽሞ ቢጠፋ ይሻል ነበር። ነገር ግን ለብዙው ቤት እንደ ቀድሞው ሲሠራ፣ ከመክፈያው ለራቁትና መጋጠሚያቸው ደከም ላለው ጥቂት ቤቶች ብቻ ይመጣና ይሄድ ጀመር። ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ የሚኖሩ መምህር ነበሩ። ስሞታቸውን ይዘው በመጡ ቍጥር ከመስኮቱ ማዶ «መስመሩ ጤነኛ ነው» ይባላሉ፤ ከጣቢያው ሲታይ ሌላው ቤት ሁሉ ይሠራ ስለ ነበረ ነው። በመጨረሻ አንድ የተማሪ ደብተር ይዘው መጡ። ሁለት ወር ሙሉ፣ መስመሩ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት በቀይ ቀለም ጽፈውበታል። ደብተሩ ወደ እኔ ጠረጴዛ ደረሰ። ባነበብሁት ጊዜ የተሰማኝን ለመናገር ያህል፣ ትምህርት ቤት እያለሁ በቀይ የታረመ ወረቀት ተቀብዬ እንደዚያ አላፈርሁም። መድኃኒቱ ግልጽ ነበር፤ መክፈያውን ለሁለት መክፈል፣ ከጣቢያውም አንድ ክር መጨመር። የሚጨመር ክር ግን አልነበረም፤ ቀንሰነዋልና። ለአንዲት ፀጉር መሳይ ክር ብለን ሌላ ኬብል መሳብ ግድ ሆነ፤ እርሱም ወራት ፈጀ።

ከዚህ ሥራ የተማርሁት ቢኖር የዋጋውን አቀማመጥ ነው። ከወጪው ትልቁን እጅ የሚወስደው ጕድጓዱ እንጂ መስታወቱ አይደለም። ቦዩ ከተቈፈረ በኋላ 24 ክር ያለበትን ኬብል በ48 መለወጥ፣ ከቍፋሮው ጋር ሲተያይ የሽሮ ላይ ጨው ያህል ነው። የጣቢያውና የቤቱ ሳጥኖች በጥቂት ዓመታት ያረጃሉ፤ ክሩ ግን ብዙ ዐሥር ዓመታት ይቈያል። ጂፖን ለሁሉም ቤት በጋራ የሚያወርደው በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት ያህል ነው፤ ለ64 ቢካፈልና ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ለአንዱ 39 ሜጋቢት ያህል ይደርሳል። ቀጥሎ የመጣው 10 ጊጋቢት የሚያወርደው አሠራር ደግሞ በሌላ የብርሃን ቀለም ስለሚሄድ፣ በዚያው በአሮጌው ክር ላይ ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን ይሠራል። እንግዲህ በሳጥን ላይ የተደረገ ቍጠባ ይታረማል፤ በጕድጓድ ውስጥ የተደረገ ቍጠባ ግን በአካፋ ካልሆነ አይታረምም።

ስለ ምሰሶም ሰው ይጠይቀኛል። በምሰሶ ላይ የተሰቀለ መስመር ርካሽና ቶሎ የሚጠገን ነው፤ የተበጠሰበትም ቦታ ከሩቅ ይታያል። ግን ረጅም የጭነት መኪና ያወርደዋል፤ የወደቀ ባሕር ዛፍ ይበጥሰዋል። ከመሬት በታች ያለው ከነፋስ ይድናል፤ ከቈፋሪ ግን አይድንም፤ ቈፋሪው አያየውምና። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ገመዶች ከምሰሶ ወርደው ወደ መሬት ሲገቡ ቆሜ እመለከት ነበር። ሌላው መንገደኛ የሚያየው የመብራቱን ውበት ሲሆን፣ እኔ ግን የባዶ ቱቦዎቹን ቍጥር እቈጥር ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የውጭ አገሩን ነገር የማንበብ ጊዜ አገኘሁ። ከሁሉ የገረመኝ የስዊዘርላንድ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የመገናኛ ባለሥልጣኖች ኩባንያዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስበው መከሩና ለእያንዳንዱ ቤት አራት አራት ክር የሚገባበት አሠራር ተያዘ። ለአንድ ቤት አራት ክር ብክነት ይመስላል። ምክንያቱ ግን የሚያስደንቅ ነው፤ የቤቱ ባለቤት አንዱን ኩባንያ ትቶ ወደ ሌላው ቢሄድ፣ አዲሱ ኩባንያ የራሱን ክር ተከራይቶ የፈለገውን መሣሪያ በራሱ ላይ ያስርበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ስዊስኮም የተባለው ትልቁ ኩባንያ አዲሶቹን መስመሮች በማካፈያ አሠራር መዘርጋት ጀመረ። ቍጠባው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን በተካፈለ ክር ላይ ለአንድ ቤት ብቻ የሚከራይ ክር ከጣቢያው አይገኝም። አንድ አነስተኛ ኩባንያ አቤት አለ፤ የአገሩ የውድድር ኮሚሽን በዚያው ዓመት መጨረሻ አሠራሩን አገደ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤት እገዳውን አጸና፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ 18 ሚሊዮን ፍራንክ ያህል ቅጣት ተወሰነ። እኔና አለቃዬ በዚያ ወረቀት ላይ ስንነጋገር ስለ ዴሲቤልና ስለ ብር ብቻ ነበር። መክፈያው የሚቀመጥበት ቦታ ሰው ነገ ከማን ሊገዛ እንደሚችል የሚወስን መሆኑ ከሁለታችንም አእምሮ አልገባም ነበር። በአገራችንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ አገልግሎት መስጠት ስለ ጀመረ፣ ይህ ነገር ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ወደ እናቴ ቤት ልመለስ። ሳጥኑ ሲገባ የተከራከርነው ስለ መብራት ሳይሆን ስለ ቦታው ነበር። እናቴ ሳሎኗን እንዳያበላሽባት ከቁም ሣጥኑ በስተኋላ እንዲሰወር ፈለገች። ሠራተኛው ክሩን በማዕዘኑ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ አጥፎ ሊመታው ሲል እጁን ያዝሁት። ብርሃን በቀጥታና በለዘብተኛ ኩርባ ይሄዳል፤ ኩርባው ከጠበቀ ከክሩ ወጥቶ ይፈስሳል። የተለመደው ክር የኩርባው ግማሽ ስፋት ከ30 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ይፈልጋል፤ ለቤት ውስጥ ተብሎ የተሠራው አዲሱ ክር ግን እስከ 10፣ አንዳንዱም እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር ድረስ ይታገሣል። እንዲህ ስለ ኩርባ እየተራቀቅሁ ከአጠገቤ ያለውን ሶኬት ረሳሁት። ባለሙያ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲያይ የማያየው ብዙ ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ለሳጥኑ ባትሪ ገዛሁ፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ። ሳጥኑ 10 ዋት ያህል ስለሚበላ በወረቀት ላይ ስምንት ሰዓት፣ በእውነቱ ስድስት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ቴሌፎኗም በሳጥኑ ላይ ስለ ተሰካ አብሮ ይሠራል። ዱሮ ይህን ባትሪ የሚጠብቁ በጣቢያው ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ጠባቂው እኔ ሆኛለሁ። እንዲህ ያለው ባትሪ በሦስት በአራት ዓመት ይደክማልና የገዛሁበትን ቀን በወረቀት ጽፌ ለጠፍሁበት። እናቴ ወረቀቱን አይታ፣ «ከአራት ዓመት በኋላ ማን ይለውጠዋል?» አለችኝ። «እኔ ነኛ፣ እማዬ» አልኋት። እርስዋም እኔን ከእግር እስከ ራስ አይታ፣ «አንተም እኮ ሽማግሌ ነህ» አለችኝና ሳቀች። ልጄን ጠርቼ ባትሪው እንዴት እንደሚነቀልና እንደሚተካ አሳየሁት፤ ስሙንም ከወረቀቱ ላይ ጻፍነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌፎኔ ጮኸ። እናቴ ነበረች። ደንግጬ «ምን ሆንሽ?» ብላት፣ «ምንም አልሆንሁም፤ መብራት ጠፍቷል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጎረቤቶቹ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለማትወደው አዲስ መድኃኒቷ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ስናወራ ቈየን።